ስታቲስቲሺያኑ ፍሪድማን

ሚልተን ፍሪድማን ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚሉን የነፃ ገበያ ጠበቃነታቸው፣ ስለ ገንዘብ አቅርቦትና ስለ ዋጋ ንረት የጻፉትና በ1976 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ያገኙት የኖቤል ሽልማት ናቸው። እኔ ሰውየውን ያወቅኋቸው ግን በሌላ በር፣ ያውም ተሳስቼ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት 40 ሠራተኞቹን 3 ዓይነት ሥልጠና አሰጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሰጡበትን መጠይቅ እንድተነትን ጠየቀኝ። ነጥቦቹ ኖርማል ስርጭት እንደሌላቸው አየሁና አኖቫን ትቼ ክሩስካል-ዋሊስ የሚባለውን ቴስት መረጥኩ። ልዩነት የለም አለ፤ እኔም ይህንኑ ጽፌ አስረከብኩ። መሥሪያ ቤቱ ልዩነት ከሌለ ብሎ ርካሹን ሥልጠና ብቻ አስቀረ።

በኋላ አንድ ባልደረባዬ ሠንጠረዡን አየና ሦስቱንም የመዘኑት እነዚያው ሰዎች መሆን አለመሆናቸውን ጠየቀኝ። እነዚያው ነበሩ። ክሩስካል-ዋሊስ ደግሞ ቡድኖቹ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ የሚሠራ ነው። 40ውን ሰው 120 አድርጌ ቆጥሬያቸው ኖሯል። የሚያስፈልገኝ የፍሪድማን ቴስት ነበር። ያ ፍሪድማን ይህ ፍሪድማን ይሆናል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ፍሪድማን በ1912 ብሩክሊን ውስጥ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ነው። ኮሌጅ የገቡት በስኮላርሺፕና ምግብ ቤት በማስተናገድ ሲሆን፣ ሐሳባቸውም የኢንሹራንስ ስሌት ባለሙያ መሆን ነበር። በቺካጎ ኢኮኖሚክስ፣ በኮሎምቢያ ደግሞ ከሃሮልድ ሆቴሊንግ ዘንድ ስታቲስቲክስ ተማሩ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና የማስተማር ሥራ ጠፋ። በ1935 ዋሽንግተን ሄደው የአሜሪካ ቤተሰቦችን ወጪ በሚያጠና የመንግሥት ፕሮጀክት ተቀጠሩ።

የቤተሰብ ወጪ ደግሞ አኖቫ የሚጠይቀውን ኖርማል ስርጭት እሺ ብሎ አይሰጥም። ፍሪድማን በ1937፣ በ25 ዓመታቸው፣ መላውን አሳተሙ። ቁጥሩን ተወውና ደረጃውን ያዝ ነው ነገሩ። በእኔ ምሳሌ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሰጣቸው ነጥቦች በራሱ ረድፍ ውስጥ ብቻ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ይባላሉ፤ ከዚያ የየሥልጠናው ደረጃዎች ይደመራሉ። ልዩነት ከሌለ ድምሮቹ ይቀራረባሉ። ለሁሉም 5 የሚሰጠው ለጋስና ከ3 የማያልፈው ንፉግ በዚህ አይረብሹም። እኔን የሸወደኝም ይኸው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሳደባልቅ ልዩነቱ ተሸፈነ።

የሚገርመው የክሩስካል-ዋሊሱ አለን ዋሊስ የፍሪድማን ወዳጅ መሆናቸው ነው። በቺካጎ ተዋወቁ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በኮሎምቢያ የስታቲስቲክስ የምርምር ቡድን አብረው ሠሩ። ዋሊስ ከዊልያም ክሩስካል ጋር ለተለያዩ ቡድኖች የሚሆነውን ቴስት ያወጡት በ1952 ነው። በኮምፒውተራችን ሜኑ ላይ ተጎራብተው የማምታታቸው ሁለት ቴስቶች የሁለት ጓደኛሞች ሥራ ናቸው ማለት ነው።

ፍሪድማን ኅዳር 2006 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በ94 ዓመታቸው አረፉ።

እኔ ሥሌቱን በእሳቸው ቴስት ስደግመው ልዩነቱ ወጣ። ቴስቱ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ስለማይነግር ጥንድ ጥንዱን በዊልኮክሰን አወዳደርኩ፤ ጥንዶቹ 3 ስለሆኑ 0.05ን ለ3 አካፍዬ። ማስተካከያውን ጽፌ ላክሁ። ሠራተኞቹ አንደኛ ያደረጉት ሥልጠና ግን ያኔ ተቋርጦ፣ አሠልጣኞቹም ተሰናብተው ነበር።