ካርሎ ኮሎዲ

ካርሎ ኮሎዲ (ኖቬምበር 24 ቀን 1826 – ኦክቶበር 26 ቀን 1890 እ.ኤ.አ.) የጣልያን ጋዜጠኛና ደራሲ ነበር። በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «የፒኖኪዮ ጀብዱዎች» በተባለው የልጆች ልብ ወለድ ነው። የተወለደበት ስም ካርሎ ሎሬንዚኒ ሲሆን ኮሎዲ የብዕር ስሙ ነው። በሕይወት ዘመኑ ይበልጥ የሚታወቀው በጋዜጣ ስላቁና በቲያትር ሂሱ ነበር። ስሙን ያኖረለትን መጽሐፍ የጀመረው በ54 ዓመቱ፣ ያለ ብዙ ጉጉት ነው፤ መሃል ላይም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ገድሎ ሊጨርሰው ሞክሮ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነት

ሎሬንዚኒ የተወለደው በፍሎረንስ ከተማ ነው። አባቱ ዶሜኒኮ የማርኬዝ ጂኖሪ ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ነበር፤ እናቱ አንጆሊና ኦርዛሊም በዚያው ቤት ታገለግል ነበር። ካርሎ ከ10 ልጆች የመጀመሪያው ሲሆን ከወንድሞቹና ከእህቶቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ሞተዋል። ከልጅነቱ የተወሰነውን ጊዜ ያሳለፈው በእናቱ የትውልድ መንደር በኮሎዲ ነው። መንደሩ በፔሻ ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የመኳንንት ቪላ በስተኋላ ኮረብታ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። የብዕር ስሙን የወሰደውም ከዚህ ነው።

ወላጆቹ የማስተማር አቅም ስላልነበራቸው የጂኖሪ ቤተሰብ ረድቶት በኮሌ ዲ ቫል ዴልሳ የቄሶች ትምህርት ቤት ገባ። ቄስ ግን አልሆነም። በፍሎረንስ ትምህርቱን ከቀጠለ በኋላ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተቀጥሮ ከመጻሕፍትና ከጸሐፊዎች ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው።

ጋዜጠኝነትና ጦርነት

በዚያ ዘመን ጣልያን አንድ አገር አልነበረችም፤ ሰሜኑን በአብዛኛው ኦስትሪያ ትቆጣጠረው ነበር። ሎሬንዚኒ በ1848 በፈቃደኝነት ዘምቶ በሎምባርዲያ ተዋጋ። በዚያው ዓመት «ኢል ላምፒዮኔ» (የመንገድ ፋኖስ) የተባለ የስላቅ ጋዜጣ አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት መስፍኑ ወደ ሥልጣን ሲመለስ ጋዜጣው ተዘጋ። በ1859 ሎሬንዚኒ ሁለተኛ ጊዜ ዘመተ፤ ቶስካና ነፃ ስትወጣም በ1860 ጋዜጣውን እንደገና ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ጸጥ ያለ ነው። በፍሎረንስ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ሆነ፤ የሚገርመው ሳንሱር ጋዜጣውን የዘጋበት ሰው በቲያትር ሳንሱር ውስጥም ሠርቷል። ድራማዎችንና ልብ ወለዶችን ቢጽፍም ብዙም አልተሳካለትም። ቁማር ይወድ ስለነበር ዕዳ አልተለየውም። ሚስት አላገባም፤ እናቱ እስክትሞት ድረስ ከእርሷ ጋር ኖረ።

ወደ ልጆች መጻሕፍት ያስገባው አሳታሚው ፌሊቼ ፓጂ ነው። በመጀመሪያ የፈረንሳዩን የሻርል ፔሮን ተረቶች እንዲተረጉም አደረገው። ቀጥሎ ሎሬንዚኒ በ1877 «ጃኔቲኖ»ን፣ በ1878 «ሚኑዞሎ»ን ጻፈ። እነዚህ ለትምህርት ቤት የታሰቡ ነበሩ። ጣልያን አንድ ስትሆን ከ4 ሰዎች 3ቱ ገደማ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የኮፒኖ አዋጅ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች እንዲማሩ ያስገደደው በዚሁ በ1877 ነው።

የፒኖኪዮ አጻጻፍ

በ1881 ፌርዲናንዶ ማርቲኒ በሮም «ጆርናሌ ፔር ኢ ባምቢኒ» የተባለ ሳምንታዊ የልጆች ጋዜጣ መሠረተ። (ማርቲኒ በእኛ አካባቢ ታሪክ የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው፤ ከ1897 እስከ 1907 በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው ኤርትራ የመጀመሪያ ሲቪል ገዥ እርሱ ነበር።) ኮሎዲ ለዚህ ጋዜጣ «የአንድ አሻንጉሊት ታሪክ» በሚል ርዕስ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ላከ። ከገጾቹ ጋር በላከው ማስታወሻ ጽሑፉን የልጅ ነገር ብሎ አቃለለው፤ ካተሙት ግን የመቀጠል ፍላጎት እንዲያድርበት ጥሩ አድርገው እንዲከፍሉት አሳሰበ። የመጀመሪያው ክፍል ጁላይ 7 ቀን ወጣ።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ግንድ ነው። ድሃው ጄፔቶ ጠርቦ አሻንጉሊት ያደርገዋል፤ አሻንጉሊቱም ገና እግር እንዳወጣ ሮጦ ያመልጣል። የሚመክረውን ፌንጣ በመዶሻ ይገድለዋል። ጄፔቶ በብርድ ወራት አንድ ኮቱን ሸጦ የፊደል መጽሐፍ ሲገዛለት፣ እርሱ መጽሐፉን በ4 ሶልዲ ሸጦ ትርኢት ያያል። ቀበሮና ድመት ወርቁን ለመቀማት ያሳድዱታል፤ በመጨረሻም በትልቅ ባሉጥ ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። በ15ኛው ምዕራፍ ፒኖኪዮ አባቱን እየጠራ ይሞታል። ጋዜጣው በኦክቶበር 1881 ታሪኩ እዚህ ላይ እንዳበቃ አሳወቀ።

አንባቢዎቹ ልጆች ግን አልተቀበሉትም። ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ፤ አዘጋጆቹም ደራሲውን ወተወቱት። በፌብሩዋሪ 1882 ታሪኩ «የፒኖኪዮ ጀብዱዎች» በሚል አዲስ ርዕስ ቀጠለ። ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ ልጅ፣ ቀደም ሲል በመስኮት ብቅ ብላ መሞቷን የተናገረችው፣ አሁን ተረት ሴት ሆና ጭልፊት ልካ ከዛፉ ታስወርደዋለች። የሞተው ፌንጣም በሐኪምነት ይመለሳል። ኮሎዲ ስለ እነዚህ ትንሣኤዎች ማብራሪያ አልሰጠም፤ የጠየቀውም ልጅ ያለ አይመስልም። ታሪኩ በጃንዋሪ 1883 በ36ኛው ምዕራፍ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ፓጂ ከኤንሪኮ ማዛንቲ ሥዕሎች ጋር በመጽሐፍ አሳተመው።

የመጽሐፉ ዘላቂነት

መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ልጆችን ከውሸት ለማስጠንቀቅ እንደተጻፈ ይነገራል። ይህ ከፊል እውነት ብቻ ነው። አፍንጫው በውሸት ምክንያት የሚረዝምባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ የመጀመሪያው መርዘም ምንም ሳይዋሽ፣ ገና ሲጠረብ የሆነ ነው። በየገጹ የሚገኘው ረሃብ ነው። በጄፔቶ ቤት እሳቱም የሚንተከተከው ድስትም በግድግዳ ላይ የተሣሉ ናቸው። ፒኖኪዮ የተራበ ጊዜ ጄፔቶ ለራሱ ቁርስ ያስቀመጣቸውን 3 ሸክኒ ፍሬዎች ይሰጠዋል፤ አሻንጉሊቱ ልጣጩን አልበላም ብሎ ቢጀምርም በኋላ ልጣጩንም እምብርቱንም ይበላል። ይህን የጻፈው የምግብ አብሳይ ልጅ ነው፤ በጌታ ቤት ድስት አጠገብ ያደገ ሰው የተሣለ ድስት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ስላቀኛው ጋዜጠኛም አልጠፋም። ፒኖኪዮ ወርቁን መሰረቁን ለመክሰስ ፍርድ ቤት ሲሄድ ዳኛው ጎሪላ አዝኖለት እንባ ያፈስና ተበዳዩን ራሱን ወደ እስር ቤት ይልከዋል። ከ4 ወር በኋላ ምሕረት ሲታወጅም የሚፈታው እኔም ወንጀለኛ ነኝ ብሎ ነው።

ልጅ አንባቢ የሚወደው ግን ከሁሉ በላይ ምክሩ አለመሥራቱን ነው ማለት ይቻላል። ፒኖኪዮ ከልቡ ቃል ይገባል፣ በማግስቱ ያፈርሳል፤ ወደ ጨዋታ አገር ሄዶ አህያ እስከ መሆን ይደርሳል። የሚለወጠው ከግዙፉ ሻርክ ሆድ ጄፔቶን አውጥቶ፣ ለታመመው ሽማግሌ አንድ ብርጭቆ ወተት ለማግኘት በየቀኑ ጉልበቱን ሲሸጥ ነው። በመጨረሻ እውነተኛ ልጅ ይሆናል፤ አሮጌው አሻንጉሊት ግን አይጠፋም፣ ወንበር ተደግፎ፣ እጁን ጥሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ይታያል። ይህ መጨረሻ አንዳንድ አንባቢዎችን አስደስቷል፤ ሌሎችን አሳዝኗል።

ከሞቱ በኋላ

ኮሎዲ በፍሎረንስ በድንገት ሞቶ በሳን ሚኒያቶ አል ሞንቴ መቃብር ተቀበረ። የመጽሐፉን የውጭ አገር ዝና አላየም፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የወጣው በ1892 ነው። ዛሬ መጽሐፉ በዓለም ብዙ ጊዜ ከተተረጎሙት መጻሕፍት አንዱ ነው። በ1936 አሌክሲ ቶልስቶይ በሩስያኛ «ቡራቲኖ» ብሎ በራሱ መንገድ ጻፈው። የዋልት ዲዝኒ ፊልም በ1940 ሻርኩን ዓሣ ነባሪ አደረገ፤ ፌንጣውንም ከሞት አድኖ ባርኔጣ አለበሰው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ለዘብ ያለ ፒኖኪዮ ነው።

ፋሺስቶችም አሻንጉሊቱን ተጠቅመውበታል። በ1923 ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ የሆነ ፒኖኪዮ ታተመ፤ በ1939፣ ኢትዮጵያ በወረራ ሥር ሳለች፣ የወጣ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በርዕሱ ፒኖኪዮን የ«ነጉስ» አሠልጣኝ አድርጎታል። ከትምህርት ቤት የሚሸሽና ፖሊስ የሚያባርረውን ገጸ ባሕርይ ለዚህ መምረጣቸው ዋናውን መጽሐፍ በደንብ እንዳላነበቡት ያስጠረጥራል።

በኮሎዲ መንደር በ1956 ለፒኖኪዮ መታሰቢያ የሚሆን መናፈሻ ተከፍቷል። በመናፈሻው የኤሚሊዮ ግሬኮ የነሐስ ሐውልት ይገኛል፤ የሚያሳየውም አሻንጉሊቱንና ተረት ሴቲቱን ነው።