ልብስ ሰፊው ፕሬዚዳንትና አንዲቱ ድምፅ

ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ከአፋችን የሚቀድመው የዋሽንግተንና የሊንከን ስም ነው። አሥራ ሰባተኛውን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ቢነሣም ለምስጋና አይደለም። እኛም ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣነው ሰውየውን ስለ ወደድነው ሳይሆን፣ በዚያች አገር ሕግ አውጪውና ሕግ አስፈጻሚው ሥልጣናቸውን እስከ ጫፍ ገፍተው የተፋጠጡት በእርሱ ዘመን ስለ ሆነ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

ጆንሰን በዲሴምበር 29 ቀን 1808 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ራሌይ በምትባል ከተማ ከድኻ ቤት ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ እናቱ እየፈተለችና የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። በልጅነቱ ሙያ እንዲማር ለአንድ ልብስ ሰፊ በውል ተሰጠ፤ ውሉ ሳያልቅ በ1824 ከወንድሙ ጋር ጠፍቶ ሄደ። ጌታውም ይዞ ለሚያመጣለት ሰው አሥር ዶላር እንደሚከፍል በጋዜጣ አስነገረ። ኋላ ፕሬዚዳንት ለሚሆን ሰው የተቈረጠው ዋጋ ይህ ነበር! በ1826 ወደ ቴኔሲ ተሻግሮ በግሪንቪል ከተማ ልብስ መስፋት ጀመረ፤ በተከታዩ ዓመት ኤሊዛ ማካርድልን አገባ። ጽሕፈቱን ያቃናችለትና ሒሳብ ያስተማረችው እርስዋ ናት።

ከዚህ በኋላ መሰላሉን ቶሎ ቶሎ ወጣው። የከተማ ከንቲባ ሆነ፤ ከ1843 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ፤ ቀጥሎም የቴኔሲ ገዢ፣ በ1857 ደግሞ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። ለድኻ ነጮች ጠበቃ ነኝ ባይ ነበር፤ ብዙ ባሪያና ብዙ መሬት ያላቸውን ባላባቶች አጥብቆ ይጠላ ነበር። ባርነትን ግን አልጠላም፤ ራሱም ባሮች ነበሩት። ይህ ካልተያዘ ኋላ ያደረገው አይገባም።

በ1861 የደቡብ ግዛቶች ሲገነጠሉ ከእነዚያ ግዛቶች ሴናተሮች መካከል ወንበሩን ሳይለቅ የቀረ እርሱ ብቻ ነበር። ስለዚህም ሊንከን በ1864ቱ ምርጫ ምክትሉ አድርጎ አቀረበው። በማርች 4 ቀን 1865 ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ ታሞ ስለ ነበረ ለብርታት የጠጣው ዊስኪ አናቱ ላይ ወጥቶ በጉባኤው ፊት ቀባጠረ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሊንከን ተገደለና ያ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያ ዓመት ኮንግሬስ የተሰበሰበው በዲሴምበር ነው። ጆንሰንም እስከዚያ ድረስ ብቻውን ሠራ። ምሕረት የመስጠት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንቱ ነውና ለአመፀኞቹ በገፍ ይቅርታ ሰጠ፤ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች ተሰጥቶ የነበረውንም መሬት ለቀድሞ ባለቤቶቹ አስመለሰ። የደቡብ ግዛቶች ወዲያው ጥቁሩን ሠራተኛ በውልና በቅጣት የሚያስሩ ሕጎች አወጡ። አራት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከባርነት ወጥቶ ወደሌላ ባርነት ሊገባ ነበር ማለት ነው።

ኮንግሬስ ሲሰበሰብ መልሱን በራሱ መሣሪያ ሰጠ። እያንዳንዱ ምክር ቤት የአባሎቹን ምርጫ የሚመረምር ራሱ ስለ ሆነ፣ ከደቡብ ተመርጠው የመጡትን አላስገባም አለ። በ1866 ጥቁሮችን ዜጋ የሚያደርገውን ሕግ አወጣ፤ ጆንሰን አልፈርምም ብሎ መለሰው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽረውት ሕግ ሆነ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሕግ ያለ ፕሬዚዳንት ፈቃድ ሲጸድቅ የመጀመሪያው ነበር። በዘመኑ ሁሉ 29 ረቂቆች አልቀበልም ብሎ በ15ቱ ተሽሮበታል፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል የተሻረበት ፕሬዚዳንት የለም።

እስከዚህ ድረስ ልባችን ከኮንግሬስ ጋር ነው። በማርች 1867 ግን ኮንግሬስ አንድ ወጥመድ አጠመደ፤ ይኸውም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያጸደቀው ሹም ያለዚያው ምክር ቤት ፈቃድ አይሻርም የሚል ሕግ ነው። ሕጉ በይበልጥ የሚጠብቀው የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን ነበር፤ በደቡብ ያለው ጦር የሚታዘዘው በእርሱ በኩል ነውና። ጆንሰን በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1868 ስታንተንን ሻረ። ስታንተን ግን አልወጣም፤ ቢሮውን ዘግቶ እዚያው እያደረ ሳምንታት ተቀመጠ። ይህን ስናነብ መሳቃችንን አንደብቅም።

ከሦስት ቀን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት በ126 ድምፅ በ47 ተቃውሞ ፕሬዚዳንቱን ከሰሰ። ክሱ 11 አንቀጽ ነበረው። ለመክሰስ ተራ ብልጫ ይበቃል፤ ለመፍረድ ግን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ በችሎቱ የሚቀመጠውም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። አሥር ግዛቶች ገና ስላልተመለሱ ሴናተሮቹ 54 ነበሩ፤ ስለዚህ 36 ድምፅ ይፈለጋል። ለተመልካች የመግቢያ ቲኬት ታተመ። በሜይ 16 ቀን ስም ሲጠራ፣ ሽባ የሆነው የአዮዋው ግራይምስ ተሸክመውት ገብቶ ነጻ ይውጣ አለ። የካንሳሱ ሮስም እንዲሁ አለ። ድምፁ 35 ለ19 ሆነ። አንዲት ድምፅ ጎደለች።

በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኬኔዲ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ሮስን ከጀግኖች ቈጥሮታል። ይሁን እንጂ ሮስ ከችሎቱ በኋላ ለወዳጆቹ ሹመት ከጆንሰን መለመኑ የታወቀ ነው፤ ጀግንነቱን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል እናመነታለን።

ይህ ነገር በመካከላችን ሲነሣ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ጆንሰን ባይወገድ የተጎዱት ጥቁሮቹ ናቸው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ምክር ቤቱ አሳቡን ስላልወደደ ብቻ ፕሬዚዳንትን ቢያወርድ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ፕሬዚዳንት የምክር ቤቱ ጸሐፊ ይሆናል አልን። ሕጉ በ1887 ተሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1926 እንዲህ ያለው ገደብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ፈረደ። በኋላ የተከሰሱት ክሊንተን በ1999፣ ትራምፕም በ2020ና በ2021 በዚያው ምክር ቤት ቀርበው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላልተገኘ አልተፈረደባቸውም። የሞኝ ክርክር አልነበረም፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

ጆንሰን ወደ ግሪንቪል ተመልሶ ደጋግሞ ለምርጫ ቀረበና ደጋግሞ ወደቀ። በ1875 ግን ቴኔሲ ሴናተር አድርጋ መረጠችው፤ በማርችም ወር ሊሽረው አንድ ድምፅ ብቻ በጎደለበት ምክር ቤት ውስጥ ገብቶ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በዚያው ዓመት በጁላይ 31 ቀን ሞተ። በባንዲራ ተጠቅልሎ፣ የሕገ መንግሥቱን ቅጂ ከራሱ ሥር ተንተርሶ ተቀበረ።