አቶ ማርቆስ ሐጎስና የሠራተኛው ማኅበር

ውድ እህቶቼ፣ ባለፈው ዓመት እዚህ ካቺሲ የማኅበራችንን ኮሚቴ ከውጭ ሆነው ሊመርጡልን የፈለጉ ሰዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ድጋፍ እናገኛለን ብለን ልንስማማ ምንም አልቀረንም ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ያን ጊዜ ያሳሰበኝ መዋጮው የእኛ ሆኖ መሪው የሌላ ሊሆን ነው የሚለው ነበር። በዚህ ጉዳይ ሕይወታቸውን ያጡትን የአቶ ማርቆስ ሐጎስን ታሪክ ልጽፍላችሁ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መራ። ሠራተኛው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ ጡረታና የመደራጀት ነፃነት ጠየቀ፤ መንግሥትም ከማኅበሩ ጋር ለመደራደር ተገደደ።

በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ደርግ ሥልጣን ያዘ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ ቀጥሎም 72 ድርጅቶችን ወረሰ። ከዚያ በኋላ አሠሪውም ሕግ አውጪውም ወታደሩ መንግሥት ሆነ። አድማ መምታት አሠሪን ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም መቃወም ተደርጎ ተቆጠረ።

አቶ ማርቆስ የኢሠአማ ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ ነው። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በእሳቸው መሪነት ማኅበሩ የመናገር፣ የመሰብሰብና ሥራ የማቆም መብት እንዲከበር፣ የሕዝብ መንግሥትም እንዲቋቋም ጠየቀ። መልስ ካልተገኘ አድማ እንደሚጠራ አስታወቀ። የአቋም መግለጫው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲታደል ወታደሮች ተኩሰው ሰው ገደሉ። መስከረም 19 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ብዙ ሠራተኞች ታሰሩ፤ አቶ ማርቆስም ተሸሸጉ።

በኅዳር ወር አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣ፤ ኢሠአማም ፈረሰ። በአዲሱ አዋጅ የበታች ማኅበር የበላዩን ውሳኔ ያለማንገራገር እንዲፈጽም ተደረገ። በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ጥላ ሥር የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ።

አቶ ማርቆስ በኢሕአፓ ውስጥ በኅቡዕ ሲታገሉ ቆይተው በዚያው በ1969 ዓ.ም. ተገደሉ። የአዲሱ ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀ መንበር አቶ ቴዎድሮስ በቀለም በዚያው ዓመት በጥይት ተገደሉ። በሁለት ተቃራኒ ወገን የቆሙ ሁለት የሠራተኛ መሪዎች በአንድ ዓመት ጠፉ። ደመወዙና ጡረታው ይነሣበት የነበረው ስብሰባ የፖለቲካ ሜዳ ሆኖ ስለነበር ሠራተኛው ችግሩን የሚያነሣበት ቦታ አጣ።

በአቶ ማርቆስ የፖለቲካ መንገድ ሁላችን ላንስማማ እንችላለን። ማኅበር የአባላቱ ነው የሚለው አቋማቸው ግን ዛሬም ይሠራል። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥር ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የእኛ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር ባይሆንም ሥርዓቱ ያው ነው፤ መዋጮውን የምናወጣ እኛ፣ መሪ የምንመርጥም እኛ፣ ሂሳብ የምንጠይቅም እኛ ነን። ለጋሾቻችንም ይህን ስናከብር ይበልጥ ያምኑናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ማናችሁም እንዳትቀሩ። የሂሳብ መዝገቡን ይዤ እመጣለሁ፤ ገጽ በገጽ ጠይቁኝ።