ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የሕፃናት ነርስነት እና የእናትና የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ አንድነት

መግቢያ

ሕፃን መማር የሚጀምረው ፊደል ሲቆጥር ሳይሆን ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና የዓለም ባንክ ከሌሎች አጋሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት የእንክብካቤ ማዕቀፍ ለሕፃን ዕድገት አምስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ምላሽ ሰጪ እንክብካቤ፣ ደኅንነት እና የመማር ዕድል። አምስቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደርሱት በአብዛኛው በአንዲት ሴት እጅ በኩል ነው። ስለዚህ የእናቲቱ ሕይወትና ጤና ከሕፃኑ ትምህርት ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ይህን እውነት በአንድ የታወቀ የኢትዮጵያ ታሪክ ሰው ሕይወት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በሕፃናት ነርስነት ሠልጥነው ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ ነገር ግን ራሳቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነት ያረፉ ሴት ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን፣ በስማቸው የተሠራውን ሆስፒታል እና ሁለቱ ለዛሬው የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ያላቸውን ትርጉም ይመረምራል።

ልደትና የወጣትነት ዘመን

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልቲቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ።

ለሕዝብ ሥራ የተጠሩት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነው። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የኢጣሊያ ወረራ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እቴጌ መነን ለዓለም እናቶች በሬዲዮ ጥሪ ሲያሰሙ መልእክቱን በእንግሊዝኛ ያቀረቡት ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም ከሌሎች የአዲስ አበባ ሴቶች ጋር ለሠራዊቱ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ በማዘጋጀቱ ሥራ ተሳትፈዋል። ቁስለኛን የመርዳት ሥራ ለእርሳቸው በመጽሐፍ ከመማራቸው በፊት በዓይናቸው ያዩት ችግር ነበር።

ስደትና የነርስነት ትምህርት

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በአሥር አልጋ የተከፈተና በሕፃናት ሕክምና ስሙ የገነነ ተቋም ነው።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። በሽተኛን ማጠብ፣ የሕፃን ጨርቅ መለወጥና ሌሊት በዎርድ ውስጥ መቆም በዘመኑ አስተሳሰብ የቤተ መንግሥት ልጅ ሥራ አልነበረም። ልዕልቲቱ ግን ሦስቱን ዓመት ጨርሰው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1939) በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸውም በዚያው በለንደን በጋይስ ሆስፒታል የአጠቃላይ ነርስነት ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ዘመኑ ስለ ሕፃን የነበረው ዕውቀት

ልዕልት ፀሐይ የተማሩበት ዘመን በአንድ በኩል የንጽሕና፣ የምግብና የተላላፊ በሽታ ቁጥጥር ዕውቀት የጎለበተበት ነበር። በሌላ በኩል ግን ስለ ሕፃኑ አእምሮ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። በምዕራቡ ዓለም በሰፊው ይሰጥ የነበረው ምክር ሕፃን በሰዓት እንዲጠባ፣ ሲያለቅስም ወዲያው እንዳይነሣ የሚያዝ ነበር። በብሪታንያ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን የሚጎበኝበት ሰዓት በእጅጉ የተገደበ ነበር። ልጁ ከእናቱ ተለይቶ ዝም ሲል ተላመደ ይባል ነበር።

ይህ አስተሳሰብ መለወጥ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ከእናቱ ጋር ያለው የማይቋረጥ ግንኙነት ለአእምሮ ጤናው መሠረት መሆኑን አስረዳ። ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በዓመቱ ባሳየው ፊልም የሆስፒታሉ ሕፃን ዝምታ መላመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች የታመሙ ልጆቻቸውን በነፃነት እንዲጎበኙ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲቆዩ መከረ።

በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ይታዘላል፣ ከጎኗ ይተኛል፣ ሲያለቅስ ይጠባል፣ እሹሩሩ እየተባለ ይባበላል። ከእነዚህ ልማዶች ጎን ለጎን የሚጎዱም ነበሩ፤ እንገርን አልቦ መድፋትና ለጨቅላ ሕፃን ቅቤ ማላስ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እንገር የእናት የመጀመሪያ ወተት ሲሆን ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት ነው። ስለዚህ ከለንደኑ ሆስፒታል የሚገኘው የንጽሕናና የበሽታ መከላከል ዕውቀትና ከአገር ቤት የሚገኘው የቅርበት ልማድ እርስ በርስ የሚሟሉ እንጂ የሚጣሉ አልነበሩም። በሁለቱም ዓለም ያለፉት ልዕልት ፀሐይ ይህ መሟላት ሊሳካ በሚችልበት ስፍራ ላይ ቆመው ነበር።

መመለስ፣ ጋብቻና ዕረፍት

አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የወለጋ ገዥ የነበሩትን አቢይ አበበን አገቡና ወደ ነቀምት ሄዱ። በትዳር የቆዩት ግን አራት ወር እንኳ አይሞላም። ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት አረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ሞታቸው በዘመኑ ለብዙ ኢትዮጵያውያት ሴቶች የተለመደውን አደጋ በቤተ መንግሥት ደጅ አደረሰው። የእርግዝና ችግር በፍጥነት የሠለጠነ እጅና የተሟላ ሆስፒታል ይፈልጋል። ነቀምት ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ወቅቱም የነሐሴ ክረምት ነበር። ማዕረግም ሆነ የነርስነት ዕውቀት የሕክምና ተቋምን ቦታ ሊተካ አልቻለም።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቲቱ ስም መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በብሪታንያ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ማሠልጠኛም ነበረው። ቦታው ዛሬ በተለምዶ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል በሚለው ስም ይታወቃል።

የዚህ ተቋም ታሪክ ከልዕልቲቱ ሞት ጋር በተለየ መንገድ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ኒውዚላንዳዊው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ወደ አዲስ አበባ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ማሠልጠኛ ለማቋቋም ነበር። በዚያ ሳሉ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን አገኙ፤ ብዙዎቹ ሕፃናቸውንም ያጡ ነበሩ። ባልና ሚስቱ እነዚህን ሴቶች በዚያው ማከም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974ም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በእርግዝና ችግር ያረፉት የሕፃናት ነርስ ስም የተሰጠው ተቋም በዚህ መንገድ ወላድን የማዳን ሥራ መነሻ ሆነ።

ለዛሬው እንክብካቤ ያለው ትርጉም

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም በዚሁ ጊዜ ከ1,000 ከ49 ወደ 29 ቀንሷል። ቁጥሮቹ መቀነሳቸው ተስፋ ቢሰጥም አሁንም ከባድ ናቸው።

በሕይወት የተረፈው ሕፃን ደግሞ ወዲያው ተማሪ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያለውን ነው፤ ይህም እናት ስታጠባ በፊቷና በሕፃኑ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የታወቀ ጥናት በተወለዱ በሦስት ቀን ውስጥ ያሉ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ አሳይቷል። ስለዚህ እያጠቡ ማየት፣ እየታጠበ ማናገር፣ ሲያለቅስ ማንሣት፣ ድምፅ ሲያወጣ መመለስ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ትምህርቶቹ ናቸው። ውድ መጫወቻ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ያረፈችና የተረዳች እናት፣ ቅርብ የሆነ አባትና ዘመድ ነው።

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ዳርቻ በተስፋፉት አዳዲስ መንደሮች ውስጥ የተለየ ክብደት አለው። ኮዬ ፈጬን በመሰለ የጋራ መኖሪያ መንደር ዕጣ ደርሶት ወይም በኪራይ የገባ ቤተሰብ ከቀድሞ ሰፈሩ፣ ከአያትና ከአክስት፣ ገንፎና አጥሚት ይዛ አራስ ከምትጠይቅ ጎረቤት ሊርቅ ይችላል። አባት ለሥራ ማልዶ ሲወጣ አራሷ በፎቅ ላይ ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር ትቀራለች። የደከመችና የተከዘች እናት ለሕፃኗ ድምፅ ምላሽ ለመስጠት ትቸገራለች። ቀድሞ በዘመድ የሚሸፈነውን ክፍተት የጤና ባለሙያና አዲሱ ጉርብትና ሊጋሩት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንዲቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። እነዚህ ቀጠሮዎች የእምብርትና የክብደት ምርመራ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ ጉብኝት እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ወይም እያተኮሳት እንደሆነ፣ እንቅልፏንና ስሜቷን ልትጠይቅ፣ እንገር ስለ ማጥባት ልትመክር፣ ሕፃኑን እንዴት እንደምታናግረው ልታሳይ ትችላለች።

ማጠቃለያ

የልዕልት ፀሐይ ሕይወት አጭር ነው፤ ከምረቃቸው እስከ ዕረፍታቸው ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት አይሞላም። በዚህ አጭር ዘመን ግን ሕፃንን መንከባከብ የተከበረና ትምህርት የሚሻ ሙያ መሆኑን በምሳሌነት አሳይተዋል። ሞታቸውም ሌላውን ግማሽ አስተምሯል፦ ለእናት ያልደረሰ እንክብካቤ ለሕፃንም አይደርስም። የጨቅላ ሕፃናትን ትምህርት ለማገዝ የሚነደፉ መርሐ ግብሮች ከሕፃኑ አልጋ በፊት ወደ አራሷ አልጋ ቢመለከቱ ከዚህ ታሪክ ትክክለኛውን ትምህርት ወሰዱ ማለት ይቻላል።