የቀጥቃጩ ልጅ ሶይቺሮ ሆንዳ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ውስጥ ባጃጅ የሚያሽከረክር ሰው ፋሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ሲለቅ፣ መካኒኩ ፋሻው አልቋል ይለዋል። ፒስተኑን የምትከብ ቀጭን የብረት ቀለበት ነች። ዛሬ የምናወራችሁ ሰውዬ በዚህች ቀለበት ምክንያት ብዙ መከራ አይቷል። በኋላ ግን የዓለምን ምርጥ የውድድር ሞተሮች ሠራ።

ሶይቺሮ ሆንዳ በ1906 ጃፓን፣ ሀማማትሱ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፣ ብስክሌትም ይጠግን ነበር። እናቱ ሸማኔ ነበረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በእኛ በጎጃም ገጠር ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራልን ቀጥቃጩ ነው። ግን ስንቱ ቡዳ እየተባለ፣ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ ጠፍቶ ኖሯል? ሸማኔውም ከስድብ አላመለጠም። ሶይቺሮ እኛ ጋ ቢወለድ ኖሮ በአባቱም በእናቱም ይሰደብ ነበር ማለት ነው።

ልጅ እያለ መንደራቸው መኪና ሲመጣ እየተከተለ ሮጠ፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አሸተተ። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ ጋራዥ ገባ። ለወራት ግን ቁልፍ የሚያስጨብጠው አልተገኘም፤ ሥራው የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። ቆይቶ በአሮጌ የአውሮፕላን ሞተር የሚሄድ የውድድር መኪና ሲሠሩ አብሮ ሠራ። በ1924 ያ መኪና ሲያሸንፍ ሶይቺሮ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። በ1936 ራሱ እየነዳ ሲወዳደር ግን ተገለበጠ፤ ወንድሙም አብሮት ተጎዳ።

ከዚያ ወደ ፋሻ ሥራ ገባ። ቀላል መስሎት ነበር፤ ያወጣቸው ቀለበቶች ግን አልሆን አሉ። ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ፋሻዎች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ናቸው። ፋሻ ሲሊንደሩን ሳይፍቅ ግጥም ብሎ መዝጋት አለበት፤ ስለዚህ እንደ ሞላ መለጠጥ ይፈልጋል። የሱ ብረት ሲሊኮን ይጎድለው ነበር። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ከወጣቶች ጋር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀመጠ። ፈተናውን ችላ አለ፤ የሚፈልገውን ተምሮ ያለ ዲፕሎማ ወጣ።

ፋብሪካውን ጦርነቱና የ1945ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደሙት። የቀረውን ለቶዮታ ሸጠና ከሠራዊቱ የተረፉ ትንንሽ ሞተሮችን ብስክሌት ላይ መግጠም ጀመረ። በ1948 ሆንዳ ኩባንያ ተመሠረተ። ገንዘቡን ጓደኛው ታኬኦ ፉጂሳዋ ያዘው፤ እኛን ከጠየቃችሁ ያለሱ ሆንዳ አይኖርም ነበር።

በ1961 የሆንዳ ሞተር ሳይክሎች አይል ኦፍ ማን ላይ አሸነፉ። በ1964 ፎርሙላ ዋን ገቡ፣ በ1965 ሜክሲኮ ላይ የመጀመሪያ ድላቸውን አገኙ። ያ ሞተር አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ሆኖ 12 ሲሊንደር ነበረው። አንዱ ሲሊንደር 125 ሲሲ ገደማ ስለሆነ ከባጃጅ ሲሊንደር ያንሳል! ፒስተኑ ትንሽና ቀላል ሲሆን በፍጥነት ይመላለሳል፤ ሞተሩ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ይዞር ነበር።

አሁን ደግሞ መጥፎው። ሶይቺሮ ሞተር በውሃ ሳይሆን በአየር ይቀዝቀዝ ብሎ ችክ አለ። በ1968 በዚህ ሐሳብ የተሠራውን መኪና የቡድኑ ሹፌር ጆን ሰርቲስ ለውድድር አልደረሰም ብሎ አልነዳም አለ። ፈረንሳይ ላይ ለጆ ሽሌሰር ተሰጠ። መኪናው ተጋጭቶ ተቃጠለ፣ ሽሌሰር ሞተ። ጥፋቱን ዝናብ ለነበረበት ለዚያ ቀን ብቻ መስጠት አይቻልም፤ የአለቃው እልህም አለበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆንዳ ከፎርሙላ ዋን ወጣ። ኩባንያው ውስጥም ወጣት መሐንዲሶቹ ስለ አየርና ውሃ ተከራከሩት፣ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። በ1973 እሱና ፉጂሳዋ አብረው ጡረታ ወጡ።

ሆንዳ በ1983 ለሌሎች ቡድኖች ሞተር እያቀረበ ተመለሰ። በ1988 ማክላረን በሆንዳ ሞተር ከ16 ውድድሮች 15ቱን ወሰደ።

ሶይቺሮ ኦገስት 5 ቀን 1991 በ84 ዓመቱ አረፈ። ከስድስት ቀን በኋላ ሃንጋሪ ላይ አይርቶን ሴና ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ፣ ከጀርባው የሆንዳን ሞተር ይዞ አሸነፈ።