ግሬስ ሆፐርና የትእዛዝ ቃላት ፍቺ

አንድ የኮምፒውተር ቋንቋ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መኪናው ሊለያቸው የሚገቡትን ቃላት አንድ በአንድ ማሳወቅ ነው። የትኛው ቃል ትእዛዝ፣ የትኛው የመረጃ ስም፣ የትኛው ቁጥር እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ መኪናው ፊደላቱን ተቀብሎ ከመደርደር በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ይህ ውሳኔ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሰውም በሚገባ ተጽፎ መቀመጥ እንዳለበት ቀደም ብለው ከተረዱት አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዶክተር ግሬስ ሆፐር ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሆፐር በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቀው በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በቫሳርም አስተማሪ ሆኑ። አገራቸው ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በባሕር ኃይል ለማገልገል ቢጠይቁ፣ ዕድሜያቸው ገፋ፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው አነሰ ተባሉ። በልዩ ፈቃድ ገብተው በ1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ 1 ከተባለው የሒሳብ መኪና ዘንድ ተመደቡ።

ማርክ 1 ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 5 ቶን ያህል ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅልል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መስመር 24 የቀዳዳ ቦታዎች በሦስት ክፍል ተመድበዋል፤ አንዱ ቁጥሩ ከየት እንደሚነሣ፣ ሁለተኛው ወዴት እንደሚሄድ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚደረግበት ያመለክታል። ቀዳዳው ለሚያየው ሰው ሁሉ ቀዳዳ ነው። የእያንዳንዱን ፍቺ የሚያውቁት ከመኪናው ጋር የሚውሉት ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ እነርሱ ቢበተኑ ዕውቀቱም አብሮ ይበተን ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሃዋርድ ኤይከን ሆፐርን መጽሐፍ ጻፉ ብለው አዘዙ። እሳቸው መጽሐፍ ጽፈው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ ወታደር ነበሩና ትእዛዙን ተቀበሉ። ከ500 ገጽ በላይ ያለው የማርክ 1 መመሪያ በ1946 ታተመ። እያንዳንዱ ምልክት ከነተግባሩ የተተነተነበት ይህ መጽሐፍ፣ ከመኪናው ባልተናነሰ ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው።

(ስለ እሳቸው ሲወራ ዘወትር የሚነሣው በ1947 በማርክ 2 ውስጥ ተይዛ በመዝገብ ላይ የተለጠፈችው የእሳት ራት ታሪክ ነው። የያዟት የሥራ ባልደረቦቻቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ ቃሉም ቢሆን በመሐንዲሶች ዘንድ ከዚያ በፊት ይነገር ነበር።)

በ1949 ዩኒቫክን ወደሚሠራው የፊላደልፊያ ኩባንያ ተዛወሩ። በዚያ ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱ የሠራውን ሌላው በእጁ ይገለብጥ ነበር። አንዱ ሰው የጻፈው የላቲን ፊደል «ቢ» በሌላው ደብተር ውስጥ 13 ሆኖ ይገኛል፤ አድራሻውም ሲደመር ይሳሳታል። ሆፐር መገልበጡን ለመኪናው ለመተው በመወሰን እያንዳንዱን የተሞከረ የሥራ ክፍል መጠሪያ ሰጥተው በማስቀመጥ፣ መጠሪያው ሲጻፍለት ክፍሉን ፈልጎ የሚያያይዘውን ኤ-0 የተባለ ኮምፓይለር በ1952 አሳወቁ። መኪና ከሒሳብ በቀር ሌላ አይሠራም የሚሉት ብዙዎች ስለ ነበሩ ለጊዜው የሚያምናቸው አልተገኘም። በ1954 የወጣውን የመጀመሪያውን የፕሮግራም ሥራ ቃላት መፍቻ ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመሩትም እሳቸው ናቸው።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በ1955 ነው። ሆፐር ለንግድ ሥራ የሚሆን፣ በእንግሊዝኛ ግሦች የሚታዘዝ ቋንቋ አቀዱ። ሐሳቡን ለኩባንያው አለቆች ሲያቀርቡ፣ ያንኑ ፕሮግራም ቃላቱን ብቻ ለውጠው በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አሳዩ። ለእሳቸው ነገሩ ቀላል ነበር። ቃሉ በሰንጠረዥ ላይ የተመዘገበ ምልክት ነው፤ ተግባሩ እስካልተለወጠ ድረስ አጻጻፉ የየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። አለቆቹ ግን ፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ መኪና እንዴት የውጭ አገር ቋንቋ ያውቃል ብለው ደነገጡ። ሊያስረዳ የታሰበው ምሳሌ ሥራውን ሊያስቀርባቸው ምንም አልቀረውም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል ገብተው ነው የቀጠሉት።

ከዚህ የተወለደው ፍሎ-ማቲክ የመረጃውን መግለጫ ከትእዛዙ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። በ1959 ኮቦልን የነደፈው ኮሚቴ ከዚህ ሥራ ብዙ ወርሷል። ሆኖም ሆፐርን ብቻቸውን የኮቦል እናት ማለት በኮሚቴው ውስጥ የደከሙትን ሌሎች ይበድላል፤ የእሳቸው ድርሻ አማካሪነትና መንገድ ጠራጊነት ነበር።

በ1966 ከባሕር ኃይል በጡረታ ተሰናብተው በ1967 እንደገና ተጠሩ። ምክንያቱ ኮቦል ነበር። ቋንቋው አንድ ይባል እንጂ እያንዳንዱ አምራች የመመሪያውን ቃል እንደ መሰለው ይተረጉም ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒውተር የሠራ ፕሮግራም በሌላው ይወድቃል። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው እያንዳንዱ ኮምፓይለር ከተጻፈው ደንብ ጋር መስማማቱን የሚመረምሩ ፕሮግራሞች አዘጋጁ፤ ገንዘብ የሚከፍለው የባሕር ኃይል ነበርና አምራቾቹም ለምርመራው ተገዙ። ለጥቂት ወራት የተጠሩት ሴት ከ19 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ በ1986፣ በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕረግ ተሰናበቱ። ጥር 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበሩ።