ማኅተማ ጋንዲ ከጥንት የሕንድ ታሪኮች የተማረው

በዓለም ያለ ሕዝብ ሁሉ ልጆቹን መልካሙንና ክፉውን የሚያስተምርበት ከአባቶቹ የወረሰው ታሪክ አለው። የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮችም ከጥንት ዘመን የቆዩ ሁለት ታላላቅ የግጥም መጻሕፍት አሏቸው። አንደኛው ራማያና ሲሆን 24 ሺሕ ያህል ጥንድ ስንኞች አሉበት። በዚህ መጽሐፍ የአዮድያ ንጉሥ ልጅ ራማ አባቱ ቀድሞ የሰጠው ቃል እንዳይታጠፍ ብሎ ዙፋኑን ትቶ 14 ዓመት በዱር ይኖራል። ሁለተኛው ማሃባራታ ሲባል 100 ሺሕ ያህል ጥንድ ስንኞች እንዳሉበት ይነገራል። እርሱም የአንድ ዘር ልጆች የሆኑ ሁለት ወገኖች ስለ መንግሥት ተጣልተው 18 ቀን እንደ ተዋጉና እንደ ተላለቁ ይተርካል።

እነዚህን ታሪኮች የሰማ ብዙ ነው። የሰማውን በየዕለቱ ሥራው ላይ ለማዋል የደከመ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ነበር። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ሆስፒታል ስላለ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ጋንዲ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. ጥቅምት 2 ቀን በምዕራብ ሕንድ፣ በፖርባንዳር ከተማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ቀኖችና ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የዚያች ትንሽ መንግሥት ዋና ሹም ነበሩ። እናቱ ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ ሴት ነበሩ። ሕፃኑ ሞሃንዳስ ጨለማና መናፍስትን እጅግ የሚፈራ ልጅ ስለ ነበረ ራምባ የምትባል ሞግዚቱ ፍርሃት ሲይዘው የራማን ስም ደጋግሞ እንዲጠራ አስተማረችው። 13 ዓመት ያህል ሲሆነውም ቱልሲዳስ የተባለው ባለ ቅኔ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሕዝብ ቋንቋ የጻፈው ራማያና በታመሙት አባቱ ፊት ማታ ማታ በዜማ ሲነበብ ይሰማ ነበር።

በልጅነቱ ልቡን የነኩት ሁለት ታሪኮች ነበሩ። አንደኛው ዕውሮች አባትና እናቱን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቅዱሳን ቦታዎች ስለ ወሰደው ስለ ሽራቫና የሚናገር ነው። ሁለተኛው ስለ ንጉሥ ሃሪሽቻንድራ ነው። ይህ ንጉሥ የሰጠውን ቃል ለመጠበቅ ብሎ መንግሥቱን አጣ፤ ሚስቱንና ልጁን ሸጠ፤ ራሱም ሬሳ በሚቃጠልበት ቦታ አገልጋይ ሆነ። ሞሃንዳስ ይህን በቴአትር ካየ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ሃሪሽቻንድራ እውነተኛ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር።

ጥያቄው በትምህርት ቤት ውስጥ ተፈተነ። በራጅኮት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጀመረበት ዓመት አንድ የትምህርት መርማሪ መጥቶ ለክፍሉ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት አስጻፈ። ከነዚህ አንዱ ማንቆርቆሪያ ማለት ነበር፤ ሞሃንዳስም አጻጻፉን ሳተው። መምህሩ በጫማቸው ጫፍ እግሩን ነካ አድርገው ከጎረቤቱ ሰሌዳ እንዲገለብጥ ምልክት ሰጡት። እርሱ ግን መምህር የሚቆመው መገልበጥን ለመከልከል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ነገሩ አልገባውም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉንም ቃላት በትክክል ጻፉ፤ የሳተ እርሱ ብቻ ሆነ። መምህሩም በኋላ ሞኝነቱን ሊያስረዱት ሞከሩ። ሞሃንዳስ ግን መገልበጥን ከዚያም ወዲያ አልለመደም፤ ለመምህሩ የነበረውንም አክብሮት አልቀነሰም።

ይህን ስንሰማ ጋንዲ ከልጅነቱ ፍጹም የነበረ እንዳይመስለን። በ15 ዓመቱ የወንድሙን ዕዳ ለመክፈል ሲል ከዚያው ከወንድሙ የወርቅ አምባር ጥቂት ወርቅ ቆርጦ ሰረቀ። ኋላ ግን ኅሊናው ዕረፍት ነሣው። በአፉ ለመናገር ስለ ፈራ ጥፋቱን በወረቀት ጽፎ፣ ቅጣትም እንዲሰጠው ለምኖ ለታመሙት አባቱ ሰጣቸው። አባቱ አንብበው አለቀሱ፤ ወረቀቱንም ቀደዱት፤ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ከዱላ ይልቅ ያ ዕንባ አስተማረው።

እንደ ሽራቫና ለመሆን ያለው ምኞትም እንዲሁ ፈተና ገጠመው። በየሌሊቱ የአባቱን እግር እያሸ ያስታምማቸው ነበር። በ1885 ዓ.ም. አባቱ በሞቱበት ሌሊት ግን አጎቱ ተክተውት ወደ መኝታው ሄዶ ነበርና በመጨረሻዋ ደቂቃ ከአጠገባቸው አልተገኘም። ይህ ጸጸት ዕድሜውን ሁሉ አልተለየውም።

በ1888 ዓ.ም. ሕግ ለመማር ወደ ሎንዶን ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ሁለት እንግሊዛውያን ባጋቫድ ጊታን አብሯቸው እንዲያነብ ጠየቁት። ጊታ ከማሃባራታ ውስጥ ያለ 700 ስንኝ የሚሆን ክፍል ነው፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል አምላኩ ክሪሽና ልቡ ለፈራው ለአርጁና የሰጠውን ምክር ይዟል። ጋንዲ የገዛ አገሩን መጽሐፍ እስከዚያ ቀን አለማንበቡ አሳፈረው። ያገኘበትም ትምህርት ሰው ግዴታውን በሙሉ ኃይሉ መፈጸም አለበት፤ ስለሚያገኘው ዋጋ ግን ልቡ መታሰር የለበትም የሚል ነበር።

በ1893 ዓ.ም. ለጥብቅና ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ሳለ በቆዳው ቀለም ምክንያት በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከባቡር አስወረዱት። አንድ የክረምት ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጠ ካሰበ በኋላ ወደ አገሩ ከመሸሽ ይልቅ እዚያው ሆኖ መታገልን መረጠ። በጆሃንስበርግ ሲኖር ሥራ ስለ በዛበት ጊታን የሚያጠናበት ጊዜ አጣ። ስለዚህ ጥቂት ስንኞች በወረቀት እየጻፈ ከግድግዳ ላይ ይለጥፍና በየጠዋቱ ጥርሱን በሚፋቅበት 15 ደቂቃ ያጠናቸው ነበር። በዚህ ዓይነት 13 ምዕራፍ በቃሉ ያዘ።

የያዘውንም ቃል በኑሮው ላይ አዋለው። ሀብት ለሌላው የተጠበቀ አደራ ነው ብሎ ስላመነ የገባውን የሕይወት ኢንሹራንስ ተወ። ከእንግዲህ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሕዝቡ ጥቅም እንደሚያውል ለታላቅ ወንድሙ ጻፈ። ወንድሙ ግን ቤተ ሰቡን የከዳ መስሏቸው እጅግ አዘኑበት። መልካም ሥራ የሚወዱትን ሰው የሚያስቀይምበትም ጊዜ አለ።

በ1915 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ባቋቋመው ማኅበር ውስጥ ሌሎች የማይነኳቸው ተብለው ከተናቁት ወገኖች አንድ ቤተ ሰብ ተቀበለ። በዚህም የገንዘብ ርዳታው ተቋረጠበት፤ እርሱ ግን አላስወጣቸውም። በ1930 ዓ.ም. መጋቢት 12 ቀን፣ በ60 ዓመቱ፣ 78 ባልንጀሮች አስከትሎ የእንግሊዝ መንግሥት በጨው ላይ የጣለውን ሕግ ለመቃወም 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ጊታን ወደ ጉጃራቲ ቋንቋ የተረጐመበት መጽሐፍ ታተመ።

ማሃባራታ የጦርነት መጽሐፍ ስለሆነ ጋንዲ ከዚህ እንዴት ሰላምን ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ቲላክን የመሰሉ ሌሎች የሕንድ መሪዎችም ያንኑ መጽሐፍ በሌላ መንገድ ተረጐሙት። ጋንዲ ግን ውጊያው በሰው ልብ ውስጥ በመልካምና በክፉ መካከል የሚደረግ ነው አለ። ያሸነፉትም ወገኖች ከኀዘን በቀር ያተረፉት እንደሌለ አመለከተ።

ሕንድ በ1947 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሂንዱዎችና እስላሞች እርስ በርስ ተፋጁ። ጋንዲ ለማስታረቅ በየመንደሩ ዞረ፤ ጾመም። በ1948 ዓ.ም. ጥር 30 ቀን በ78 ዓመቱ በዴልሂ ወደ ጸሎት ሲሄድ፣ ለእስላሞች አደላ ብሎ የጠላው አንድ ሂንዱ በጥይት ገደለው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንውሰድ? ሃይማኖታችን ሌላ፣ አገራችንም ሌላ ነው። ነገር ግን የፈተና ወረቀትና የጎረቤት ደብተር በእኛም ክፍል አሉ። ዕውቀት የሌለበት ማርክ የተሰረቀ ወርቅ ነው። የታመሙ ወላጆችም፣ በደል ሠርቶ ለመናገር የሚፈራ ልብም በየቤታችን አሉ። ጊዜ የለኝም ለሚልም ጥርስ የሚፋቅበት ሩብ ሰዓት አለ። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያ ልጅ አንዲት ቃል ስቶ በክፍሉ መጨረሻ ሆነ፤ እውነትን ስላልለቀቀ ግን ዓለም አወቀው።